«ኑሮ ነው» ያልኩት ውሸቴን ነው

ወደ ሥራ ልመለስ ነው ማለት ከጀመርኩ አንድ ወር ሆነኝ። «ለምን?» ሲሉኝ መልሴ አንድ ነው፤ «ኑሮ ነዋ!» እላለሁ። ይህን ስል የማይገባው ሰው የለም። የዘይት ዋጋ ይነሳል፣ የጤፍ ይነሳል፣ የቤት ኪራይ ይነሳል። ከዚያ «አይዞሽ፣ ልጅ በእድሉ ያድጋል» ተብዬ እሸኛለሁ።

ግን ውሸቴን ነው።

ብሩ አያስፈልገንም እያልኩ አይደለም። ሁለት ልጅ ያለበት ቤት ነው፣ ያስፈልገናል። ግን ማታ ልጆቹ ተኝተው ብቻዬን ስሆን ወደዚያ የሚስበኝ ብሩ አይደለም። ሥራዬ ናፍቆኛል። በቃ ይሄው ነው። ይህችን ለባለቤቴ እንኳ ለመናገር ስንት ጊዜ ፈጀብኝ፤ ምክንያቱም እናት «ተቸግሬ ልጆቼን ጥዬ ወጣሁ» ስትል ይታዘንላታል፣ «ሥራዬን ወድጄው ወጣሁ» ስትል ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። ያንን ጸጥታ አንድ ጊዜ ክርስትና ቤት ውስጥ ቀምሼዋለሁ። ሁለተኛ መድገም አልፈለግኩም።

ቡና ቀማሽ ነኝ። ጅማ ውስጥ ይህን ስል ብዙ አላብራራም፣ ለሌላው አንባቢ ግን ልንገር። ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከማና፣ ከጌራ የመጣ ቡና ናሙና ይወሰድለታል። መጀመሪያ ጥሬው ይታያል፤ እርጥበቱ፣ ቀለሙ፣ ሽታው፣ ነቀዝ የበላው፣ የተሰበረው። ከዚያ ለዘብ ተደርጎ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ለአንድ ናሙና አምስት ስኒ ይደረደራል። አምስት የሚሆነው በምክንያት ነው፤ አንዲት የበሰበሰች ፍሬ አንዱ ስኒ ውስጥ ብትገባ ከአራቱ ተለይታ ትጋለጣለች። የፈላ ውሃ ይጨመራል። ከላይ ወፈር ያለ ቅርፊት ይሠራል። አራት ደቂቃ ያህል ይጠበቅና ጎንበስ ተብሎ፣ አፍንጫን ስኒው አፍ ላይ አድርጎ፣ ቅርፊቱ በማንኪያ ይሰበራል። ያን ጊዜ የሚወጣው ሽታ ነው እኔን ያስቀረኝ። ከዚያ በማንኪያ ጨለፍ አድርጎ በኃይል፣ ድምፅ እያሰሙ መማግ፣ ምላስ ላይ ማንከባለል፣ መትፋት። በእኛ አገር አመዳደብ ከመቶው 40 ለጥሬው ነው፣ 60 ለስኒው። ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ነገር ትልቁ ድርሻ ምላስ ላይ ነው የሚወሰነው። የምቀምስበት ማንኪያ የራሴ ነው። ክብና ጎድጓዳ፣ እጀታው አጠር ያለ። ሥራ ስለቅ ይዤው ወጣሁ፣ ከዚያ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ የልጄ የገንፎ ማንኪያ ሆነ።

የመጀመሪያዋ ልጄ፣ ሚጣ እንበላት፣ አሁን አምስት ዓመቷ ነው። እሷ ስትወለድ ልመለስ ወይስ ልቅር የሚል ጥያቄ አልነበረብኝም። ፈቃዴ ሲያልቅ ተመለስኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ከመውለድ በፊት 30 ቀን፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ከነደሞዝ ይሰጣል። ለአባት ሦስት ቀን። ጤና ጣቢያ ደግሞ በየቀጠሮው የሚሉኝ «እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ውሃ እንኳ እንዳትሰጪ» ነበር። 90 ቀን ሦስት ወር ነው። የቀረው ሦስት ወር የማን ነው?

የእኔ ነበር። ናሙና የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ፣ በጆንያዎቹ መሃል ተቀምጬ ነበር ጡቴን የማልበው። በሩ ቁልፍ ስለሌለው ጀርባዬን አስደግፌበት። አንድ ቀን አንዱ ባልደረባዬ ሳያውቅ ገፍቶት የያዝኩት ጠርሙስ ተደፋ፣ የጠዋቱ ሁሉ፣ ጆንያው ላይ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የታለበ የጡት ወተት ከፍሪጅ ውጪ አራት ሰዓት ያህል ነው የሚቆየው፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን። እኛ ፍሪጅ ነበረን፣ የሚጠፋው መብራቱ ነው። መብራት የሌለ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ቆጪ ወደሚገኘው ቤቴ እሮጣለሁ፣ አጠባለሁ፣ ሳልበላ እመለሳለሁ። ድካሙ አሁንም አጥንቴ ውስጥ አለ። ግን ያኔም ቢሆን ጠረጴዛው ፊት ስቆም ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እንዲህ እየደከመች ደስ የሚላት እናት ምን ዓይነት ናት ይሉኛል ብዬ።

ወንዱ ሲወለድ ግን አቃተኝ። በአንድ ዓመት ሦስት ሠራተኛ ተቀያየረብን። አንዷ አገባች። አንዷ ለበዓል አገሯ ሄዳ ቀረች። ሦስተኛዋ፣ ልጆቹን በጣም የምትወደው፣ ፓስፖርቷን አውጥታ አረብ አገር ሄደች። ማንንም አልወቅስም። የእኔ ቤት የሚከፍላትንና እዚያ ተስፋ የምታደርገውን አስተያይታ ነው የወሰነችው። በመሃል ልጁ ሳንባ ምች ያዘውና ተኛ። ሦስተኛው ሌሊት ላይ፣ ኦክስጅኑ አፍንጫው ላይ ሆኖ እያንቀላፋ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን በስልኬ ጻፍኩ። አልተጸጸትኩበትም። ዛሬም ያ ሌሊት ቢመለስ ያንኑ ደብዳቤ እጽፋለሁ።

ቤት የዋልኩበትን ጊዜ ማንም እንዲያዝንልኝ አልፈልግም። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሰዓት ላይ ቆርቆሮው ሲንኳኳ ሁለቱን ብርድ ልብስ ውስጥ አስገብቼ ተረት ስነግራቸው የነበረውን ጊዜ በምንም አልለውጠውም። ልጁ ሲራመድ አየሁ፣ የሚጣን ግን ሠራተኛዋ ናት ያየችው፣ በስልክ ነገረችኝ። ሚጣን «ሀ ሁ»ን ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ከሰፈር ልጆች ጋር በኦሮምኛ ስትጣላ፣ ቤት ገብታ በአማርኛ ስትከሰኝ፣ ሁለቱንም ቋንቋ ስታቀላጥፍ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ።

ግን ምላሴ እየሄደ ነበር። ሌላ ሰው አያስተውለውም፣ እኔ ግን አውቀዋለሁ። ሥራ ላይ እያለሁ ጠዋት ነጭ ሽንኩርት አልበላም፣ በርበሬ አልነካም፣ ሽቶ አልቀባም። አሁን የልጅ ፍርፋሪ የበላሁበት አፍ ነው የያዝኩት። ሐሙስ ገበያ ስወጣ ኮሰረቱን፣ ጤና አዳሙን፣ ሎሚውን አንስቼ ዓይኔን ጨፍኜ አሸታለሁ። ሻጮቹ ልገዛ ይመስላቸዋል። እኔ እየተለማመድኩ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስልክ ተደወለልኝ። ቡና የሚልክ ድርጅት ነው፣ ጅማ ውስጥ የቅምሻ ክፍል አለው፣ ቀማሽ ይፈልጋል። የቡናው ሰሞን ከመምጣቱ በፊት መልስ ስጪን አሉኝ። ሙሉ ቀን። ቅዳሜ እስከ ምሳ። ግማሽ ቀን ልሥራ ብዬ ለመንኩ፣ አይሆንም አሉኝ። አልፈርድባቸውም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቡና ሲገባ ግማሽ ቀን የሚባል ነገር የለም። እሸቱ ቀይ ሆኖ ተለቅሞ ማጠቢያው ጋ ከደረሰ በኋላ ለማንም አይጠብቅም።

ለባለቤቴ ነገርኩት። «ኑሮው ከብዷል፣ ብሠራ ይሻላል» አልኩት። እዚህ ላይ ነው ነገሩን ራሴ ያበላሸሁት። ባሌ አስተማሪ ነው፣ የጠዋት ፈረቃ። እስከ ስድስት ተኩል ያስተምራል፣ ከዚያ ቤት ነው። ደግ ሰው ነው፤ ስቸገር ማየት አይወድም። ሁለት ቀን ዝም አለና ሦስተኛው ቀን «አገኘሁለት!» ብሎ መጣ። ከሰዓት ከሰዓት የሚያስጠናቸው ልጆች አግኝቷል። በወር 4,500 ብር። «አንቺ ከልጆቹ ሳትለዪ ክፍተቱን እኔ እሞላዋለሁ» አለኝ። ፊቱ በርቷል። እኔ ኩሽና ገብቼ ሳህን አጠብኩ። ንጹህ ሳህን ነበር።

ምን ልበለው? ብር ነው የጎደለን ብዬዋለሁ፣ ብር አመጣ። የነገርኩትን ችግር ነው የፈታልኝ። ያልነገርኩት እንዳለ ቁጭ ብሏል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ትንሽ ነው፣ ግን ሳልጽፈው አላልፍም። እሑድ ከሰዓት ጎረቤታችን ቤት ቡና ተጠራን። ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» ነው የሚላቸው። ቡናው የወንድማቸው ነው፣ ከማና የመጣ። አቦሉን ተቀበልኩ፣ ያለ ስኳር። ሳላስበው ስኒውን አፍንጫዬ ሥር አድርጌ ሽታውን ሳብኩት፣ ከዚያ በሥራው አማማግ፣ ድምፅ አውጥቼ ማግኩት። ሰው ሁሉ ዞር አለ። ምላሴ ላይ የመጣውን ወዲያው አወቅኩት፤ መጨረሻው ላይ መሬት መሬት የሚል። «አዴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወንድምዎ ባለፈው ሰሞን ቡናውን ማስጫ አልጋ ላይ ነው ያደረቀው ወይስ መሬት ላይ?» አልኳቸው። ረከቦታቸው ላይ እንዳጎነበሱ ቀና አሉ። «አልጋው በዝናብ ተሰብሮበት የመጨረሻውን ለቀማ ደጅ ላይ ነው ያሰጣው። ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

ማንም አልነገረኝም። ሰውነቴን ወረረኝ። አለሁ ማለት ነው! ሚጣ ጉልበቴን ይዛ «እማዬ፣ እንዴት አወቅሽ? ደግሞ አድርጊው!» ትለኛለች። ደገምኩላት። ለሁለተኛው ደግሞ ሽታው ውስጥ ሎሚ ነገር እንዳለ አሳየኋት፤ አሸተተች፣ «አለ» አለች። ይኑር አይኑር እንጃ፣ ግን አፍንጫዋን እንዴት እንደሸበሸበችው አየሁ።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባለቤቴ መብራቱን ሳያጠፋ «ለብሩ አይደለማ?» አለኝ።

«አይደለም።»

«እንደዚያ ሆነሽ አይቼሽ አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ» አለ። ቀጥሎ ያለውን አልረሳውም። «ታዲያ ለምን ብር ነው አልሽኝ? እኔ እኮ ከሰዓቴን ሸጥኩት።»

ማልቀስ አልፈልግም ነበር፣ አለቀስኩ። አሳፍሮኝ ነው አልኩት። ልጆቼ የማይበቁኝ መስሎ እንዳይታይ። እነሱ ይበቁኛል፣ ሥራዬም ይናፍቀኛል፣ ሁለቱም እውነት ነው፣ እንዴት አንድ ላይ እንደሚባል ግን አላወቅኩም። እሱ ደግሞ የከሰዓቱ ጊዜ ልጅ ለመያዝ እንደሚውል በሐሳቡም አልመጣበትም። እውነቱን ለመናገር በእኔም አልመጣም። ደላላ ጋ ሠራተኛ ሳፈላልግ፣ የአማቴን ጉልበት ሳሰላ፣ ያ ቀኑ ከምሳ በኋላ ባዶ የሆነ አባት እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሌሊቱን ደብተር አውጥተን ሂሳብ ሠራን። ይህን ቁጥር ሳልደብቅ አስቀምጠዋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሴቶች ብቻቸውን የሚሠሩት ሂሳብ ነው። የተባልኩት ደሞዝ 16,000 ብር ነው። የሥራ ግብሩ በ2017 ተሻሽሎ ከግብር ነጻው ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፣ ከ14,000 በላይ ያለው ግን 35 በመቶ ይቆረጥበታል። በደረጃ በደረጃው ሲሰላ የእኔ ግብር 3,550 ይመጣል። ጡረታ 7 በመቶ፣ 1,120። እጄ የሚገባው 11,330 ነው። ከዚህ ላይ ጠዋት ለምትይዝልኝ ሴት 3,500። ለባጃጅ 1,200። ባለቤቴ ማስጠናቱን ቢተው የሚቀርብን 4,500። የሚተርፈው 2,130 ብር ነው።

ሁለታችንም ቁጥሩን አየነው። 2,130። በዚህ ብር ማንንም «ኑሮ ነው» ብዬ ማሳመን አልችልም።

«የሞግዚቷን ለምን ከአንቺ ደሞዝ ብቻ ላይ ቀነስነው?» አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ልጆቹ የሁለታችን ናቸው፣ ጠዋት እሱም እኔም ሥራ ላይ ነን፣ ክፍያው ግን እኔ ስወጣ የመጣ የእኔ ዕዳ ሆኖ ነው የተጻፈው። በእኔው እጅ ጽሑፍ። ሰርዞ መሃል ላይ ጻፈው። ድምሩ አልተቀየረም። ለእኔ ግን ያቺ ስርዝ ብዙ ነገር ናት።

ጠዋት የምትይዝልኝን ሴት አሁን አግኝቻታለሁ። ከሰቃ መንገድ ነው የመጣችው፣ የአራት ዓመት ልጅ አላት፣ እናቷ ጋ ትታት ነበር። ይህን ስሰማ ሌሊቱን መተኛት አቃተኝ። እኔ ልጆቼን ለማን ልስጥ እያልኩ ስጨነቅ እሷ የራሷን ትታ የእኔን ልትይዝ መጥታለች፣ እሷን ደግሞ «ለምን ትሠሪያለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልጅሽን አምጪያት አልኳት። ከተማው ውስጥ እህቷ ጋ ስለሆነች ጠዋት ይዛት ትመጣለች፣ ስምንት ሰዓት ላይ አብረው ይወጣሉ። ትክክለኛው መፍትሔ ይህ ነው ለማለት አልደፍርም። ደሞዟም ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰሞኑ ካለፈ በኋላ እንድንጨምርላት ተስማምተናል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 ደንግጎ ነበር። ለእኛ ለግል ተቀጣሪዎቹ፣ ለእሷም ጭምር፣ እንዲህ ያለ ቤት በየሰፈሩ ቢኖር የስንት ሴት ሌሊት ባረፈ ነበር።

አዲሱን ሥራ ስቀበል ሁለት ነገር ጠየቅኩ። አንደኛ፣ ሕጉ በቀን ስምንት ሰዓት ነው የሚለው፣ ከዚያ የሚያልፍ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩኝ። እሺ አሉኝ። ሁለተኛው ቁልፍ ያለው በር ነው። ልጄ አሁን ጡት ትቷል፣ ለእኔ አያስፈልገኝም። ከእኔ በኋላ ለምትመጣው ነው። አየት አድርገውኝ ጻፉት። ያደርጉት እንደሆነ ገና አላውቅም፣ እየጠየቅኩ እቆያለሁ።

አሁንም እፈራለሁ። ልጁ ሳል ሲጀምረው ያ የሆስፒታል አልጋ ይመጣብኛል። ኅዳር ላይ ስደክም፣ ማታ ገብቼ ሚጣን ስቆጣት ይታየኛል። ከዚያ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ከባሰ እንደገና እተወዋለሁ፣ ያኔም ቢሆን ለምን እንደተውኩት ደፍሬ እናገራለሁ።

አማቴ ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። ምስር እየለቀሙ ነበር። «ኑሮ ከብዷችሁ ነው አይደል ልጄ?» አሉኝ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። «አይ እማማ፣ ሥራዬ ናፍቆኝ ነው» አልኳቸው።

እጃቸው ቆመ። «ሥራ ይናፍቃል እንዴ?»

«እኔን ናፍቆኛል።»

ብዙ ዝም አሉ። ያ የምፈራው ጸጥታ መጣ፣ ተቀመጠ፣ እኔም አብሬው ተቀመጥኩ። ከምስሩ ጠጠር አውጥተው ጣሉ። «አልገባኝም» አሉ በመጨረሻ። «ቅዳሜ ጠዋት ግን ልጆቹን ወደዚህ አምጪያቸው።»

ሰኞ እጀምራለሁ። ማንኪያዬን በጨውና በሙቅ ውሃ አሽቼ አጥቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ለልጄ ከጅማው መርካቶ ሌላ ገዛሁለት፣ እጀታው ላይ ዓሣ ያለበት። ዛሬ ምሳ ላይ ሁለት ጊዜ ወረወረው። ሦስተኛው ላይ በላበት።